«መርጠን ምን አገኘን?» ለሚል መራጭ፦ በቆቦና በራያ ቆላ የቤት ለቤት ቅስቀሳ መመሪያ

ቆቦ ላይም ሆነ ሮቢትና ጎብዬ፣ ስለ ምርጫ ያነሣ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው መልስ «መርጠን ምን አገኘን?» የሚል ነው። እንዲህ የሚል ሰው ምክንያት አለው። ለመስኖ የተቆፈረው ጉድጓድ መብራት ሲጠፋ ሥራ ይፈታል። ማዳበሪያው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ጎረምሳው በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳውዲ ለመግባት ከቤት ይወጣል፤ የሚደርስም አለ፣ ድምፁ ጠፍቶ የሚቀርም አለ። ከ2013 ክረምት ወዲህ ደግሞ ጦርነት ቆቦ ላይ ደጋግሞ ደርሷል፤ በጳጉሜ 2013 ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለውባታል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ድምፅህን ስጥ፣ ነገ ብሩህ ነው» የሚል ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ሲጮህበት ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ቁጣው ግን ሊያስፈራችሁ አይገባም። የሚማረር ሰው ገና ይጠይቃል፣ ገና መልስ ይፈልጋል። ነገሩን ጨርሶ የተወው ዝም ብሎ በሩን የሚዘጋው ነው።

ይህ መመሪያ ለዕጩዎች፣ ለፓርቲ በጎ ፈቃደኞችና ለግል ተወዳዳሪ ደጋፊዎች የተዘጋጀ ነው። የየትኛውም ወገን ሰው ብትሆኑ ሥራው አንድ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ያዙ፦ የመራጩን ተስፋ የገደለው በምርጫ ሰሞን ብቅ ብሎ በዚያው የሚጠፋ ሰው ነው፤ ተስፋውን ሊመልስ የሚችለውም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘጠኝ ደረጃዎች ወደ ገባችሁበት ቤት ሳታፍሩ መመለስ እንድትችሉ የሚያዘጋጁ ናቸው።

1. ሕጉንና ጸጥታውን አስቀድማችሁ እወቁ

ሁለት ወረቀት ያስፈልጋችኋል፦ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 እና ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ያወጣው የጊዜ ሰሌዳ። ከጊዜ ሰሌዳው ላይ የመራጮች ምዝገባ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን፣ ቅስቀሳ የሚፈቀድበትንና ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት ቅስቀሳ የለም።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ ወታደራዊ ካምፕና ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አትቀስቅሱ። ገበያ በቆመበት ቀን በገበያው አካባቢ ስለመቀስቀስም ገደብ ስላለ፣ የምርጫ ክልሉን ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ ድምፅ ማጉያ ይዛችሁ ወደ ቆቦ ገበያ አትግቡ። ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ለመጥራት ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ለአስተዳደሩ አሳውቁ፤ የደብዳቤውን ቅጂም ገቢ የተደረገበትን ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ።

ጸጥታው ከሕጉ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በምትሄዱበት ቀበሌ ምርጫ መካሄዱን፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን በየዕለቱ ጠይቁ። ከመሸ አትውጡ። የት እንደሄዳችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። ፈርቶ «እኔ ይለፈኝ» ያለውን በጎ ፈቃደኛ አትውቀሱት፣ አትጫኑትም።

የተለመደ ስህተት፦ «ሕጉን ከፍተኛ አመራሩ ያውቀዋል» ብሎ መተው። በር የምታንኳኳው ልጅ ካላወቀችው ሕጉ የሚጣሰው እዚያው በር ላይ ነው።

2. ቡድኑን ከጎጡ ሰዎች አዋቅሩ

ከወልድያ በመኪና መጥቶ አምሽቶ የሚመለስ ቀስቃሽ የሰውን ስም አያውቅም፤ ሰውም አያምነውም። ለእያንዳንዱ ጎጥ በዚያው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ፈልጉ። ጥንዱ ቢቻል አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ አንድ ክርስቲያንና አንድ ሙስሊም ይሁን። ራያ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ጎጥ ተጎራብቶና ተዛምዶ ነው የሚኖረው፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ የማንንም ወገን ለመለየት እንዳልመጡ ገና ከበሩ ይታያል።

ሴት በጎ ፈቃደኛ የግድ ናት። ብዙ ቤት ውስጥ ባልየው ሲመልስ ሚስትየዋ ቡና እያቀረበች ዝም ትላለች፤ «የቤታችን ድምፅ አንድ ነው» የሚባልም አለ። ሴት ለሴት ጓዳ ገብታ ስትጠይቅ ግን የሚሰማው ችግር ሌላ ነው፦ ውኃ ለመቅዳት የሚፈጀው ሰዓት፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ማጣት፣ ሳውዲ የቀረችው ልጅ።

ሰዎቹን ስትመርጡ ጥሩ ተናጋሪ አትፈልጉ። በቅሬው (በዕድሩ) ውስጥ በታማኝነት የሚታወቅ፣ የሰው ምስጢር የማያወጣ፣ የተባለውን በትክክል የሚጽፍ ይበልጣል። የቅሬ ዳኞችንና ሽማግሌዎችን ቀድማችሁ ሄዳችሁ አስፈቅዱ፤ ድጋፋቸውን ግን አትጠይቁ። እነርሱ የሁሉም ናቸው፤ ወደ አንድ ወገን ከጎተታችኋቸው ነገ ጠብ ሲነሣ የሚያስታርቅ ይጠፋል።

የተለመደ ስህተት፦ ሥራ ፈት ወጣት ሰብስቦ ቲሸርትና አበል ሰጥቶ ማሰማራት። አበሉ የቆመ ዕለት ቅስቀሳውም ይቆማል።

3. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ቆላ ነው፤ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ከጥላ አያስወጣም። ጠዋት በማለዳ ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ። በወሩ 12፣ በ21 እና በ29 ክርስቲያኑ ገበሬ ሞፈር ስለማያነሣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ይገኛል። ሙስሊሙን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ታገኙታላችሁ። በረመዳን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አትጠጉ፤ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመን ሰው በረጅም ወሬ አታድክሙ።

አንድ ጥንድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ቤት ቢያዳርስ በቂ ነው። ከዚያ ከበለጠ ማድመጥ ቀርቶ ወረቀት ማደል ይሆናል።

ሁለት ቦታ ላይ ምርጫን ጨርሳችሁ አታንሡ፦ ለቅሶ ቤትና ወዳጃ። ለቅሶ የምትሄዱት እንደ ጎረቤት ነው፤ የፓርቲውን ኮፍያ አውልቃችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ወዳጃው የዱዓ ቦታ ነው።

4. ሦስት ነገር ጠይቃችሁ አድምጡ

የመጀመሪያው ጉብኝት ለማድመጥ ነው። ስለ ፕሮግራማችሁ ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ። ከበር ላይ እንዲህ በሉ፦ «እንደምን ዋላችሁ። ከዚሁ ከጎጣችሁ ነን፤ ስለ ምርጫው ልንጠይቃችሁ መጥተን ነበር። ከተመቻችሁ ጥቂት እንቀመጥ፤ ካልተመቻችሁ በሌላ ቀን እንመጣለን።» ከዚያ ሦስቱን ጠይቁ፦

«ባለፈው ምርጫ ጊዜ ምን ጠብቃችሁ ነበር?»
«አሁን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው? ለማንስ አመልክታችሁ ነበር?»
«አንድ ነገር ብቻ ቢስተካከል የቱ ይቅደም ትላላችሁ?»

አንድ አባት «ጉድጓዱ አለ፣ ውኃው አለ፣ መብራት ግን የለም። ባለፈው የመጡትም እንዳንተው ጽፈው ሄደዋል» ቢሉ፣ «እኛ ስንመረጥ እናበራዋለን» አትበሉ። ወደ ጉድጓዱ አብራችሁ ሂዱ። «ከመቼ ጀምሮ ነው አባቴ? ስንት አባወራ ያለማበታል? ማመልከቻ አስገብታችሁ ነበር? የገባበት ቀንና ቁጥሩ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ «በቃል ነው የነገርናቸው» የሚል ነው፤ የሚቀጥለው ሥራችሁም እዚያው ላይ ተገኘ ማለት ነው።

ደብተር ላይ የምትጽፉት ጎጡን፣ ችግሩንና ቀኑን ነው። ስም አትጻፉ፤ «ይህ ቤት የእኛ ነው፣ ያኛው የእነርሱ» የሚል ምልክትም አታድርጉ። ሕዝቡ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ እየተቆጠረ ያሳለፈውን ጊዜ አልረሳም፤ ስም የሚጽፍ እንግዳ ሲያይ ይደነግጣል። ታጣቂ በሚመላለስበት አካባቢ ደግሞ ያ ደብተር የማይሆን እጅ ቢገባ ሰው ሊያስገድል ይችላል። ስልካችሁ ውስጥም ዝርዝር አትያዙ፣ ቤቶችንና ሰዎችን ፎቶ አታንሡ።

የተለመደ ስህተት፦ ሰውየው ሲራገም መከራከር። ሐዘኑንና ቁጣውን ይጨርስ። ሳያቋርጥ የሰማው ሰው ካገኘ ቆይቷል።

5. ምሬቱን በባለቤቱ ለዩ

ሳይመሽ ተሰብስባችሁ ከየጎጡ የመጣውን አንድ ላይ አንብቡ፤ ከእያንዳንዱ ችግር ጎን የሚመለከተውን ክፍል ጻፉ። የቀበሌ መታወቂያ መጉላላት፣ የሴፍቲኔት ምልመላ፣ የመንደር መንገድ የቀበሌና የወረዳ ጉዳይ ናቸው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓዶች ጉዳይ በክልል ደረጃ ይታያል። መብራቱ የፌዴራል ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ክልሎች ያልተስማሙበት የወሰን ጥያቄ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 መሠረት ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል።

ይህ ልየታ ለምን ያስፈልጋል? መራጩ የተማረረባቸው ብዙዎቹ ነገሮች ድምፅ በሚሰጥበት ወረቀት ላይ የሉም። በአጠቃላይ ምርጫ የሚመረጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሳይካሄድ ቆይቷል። ሰው በቀበሌው ተበሳጭቶ ለፓርላማ ድምፅ ሲሰጥ፣ የመረጠው ሰው አዲስ አበባ ይገባል፤ ቀበሌው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ይህንን በግልጽ የሚነግረው ሰው ሲያገኝ «እስካሁን ለምን አልተባልንም?» ይላል። የአካባቢ ምርጫ በጊዜው እንዲካሄድ መጠየቅም ለዕጩዎቻችሁ አንድ ግልጽ አጀንዳ ይሆናል።

የተለመደ ስህተት፦ ሁሉንም ችግር «መንግሥት» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ መተው። ባለቤት የሌለው ችግር መፍትሔም የለውም።

6. ቃላችሁን አሳንሱ

የቆላው ሰው ላም አለኝ በሰማይ የሚሉትን ብዙ አይቷል። እናንተ ስትመጡ ቃሉ ትንሽ፣ ቀኑ የታወቀ፣ የሚፈጽመው ሰውም በስም የታወቀ ይሁን። «መብራት እናመጣለን» ከማለት «የጉድጓዱን ማመልከቻ ከመስኖ ማኅበራችሁ ጋር ሆነን እንጽፋለን፤ ረቡዕ ቆቦ መዝገብ ቤት እናስገባለን፤ ቁጥሩን ይዘን እሑድ እንመለሳለን» ማለት ይሻላል። ይህን ለማድረግ ሥልጣን አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ የባጃጅ ሒሳብና ግማሽ ቀን ይበቃል።

ዕጩው ደግሞ ከተመረጠ በኋላ ማድረግ የሚችለውን ብቻ ይናገር። የፓርላማ አባል ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትር ጠርቶ ይጠይቃል። ትራንስፎርመር ተሸክሞ አይመጣም።

ይህ አገልግሎት ጉቦ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ማመልከቻውን የምትጽፉት ለሚደግፋችሁም ለማይደግፋችሁም ነው፤ «በምትኩ ድምፅህን» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ገንዘብ፣ እህል ወይም ጫት ማደል ክልክል ነው። በተለይ ሴፍቲኔትንና ዕርዳታን ከድምፅ ጋር ማያያዝ፣ «ካልመረጥክ ትሠረዛለህ» ማለት፣ ወንጀልም ነውርም ነው። ሌላ ወገን ይህን ሲያደርግ ብታገኙ ቀኑንና ቦታውን መዝግባችሁ ለምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ በጩኸትና በድንጋይ አትመልሱ።

7. መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ

ከዘጠኙ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ባደረጉት ሙከራ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ማነጋገር ለድምፅ የሚወጣውን ሰው ቁጥር በግልጽ ጨመረ፤ በስልክ መደወል ግን አልጨመረም። አገሩ ቢለያይም የሰው ጠባይ ያው ነው፤ ደክሞ የመጣን ሰው የሚያቃልል የለም።

እሑድ ብላችሁ ከሆነ እሑድ ሂዱ። መልሱ መልካም ባይሆንም ሂዱ። «ማመልከቻው ገብቷል፣ ቁጥሩ ይኸው። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፤ ተራ ይጠብቃል ተብለናል። በሚመጣው ወር መጀመሪያ ደግመን እንጠይቃለን፤ ከማኅበሩ አንድ ሰው አብሮን ይሂድ።» የጉድጓዱን ነገር ያነሡት እኚያ አባት መብራቱን አላገኙም፤ ነገር ግን የነገሩት ሰው ተመልሶ መጥቷል፣ ማመልከቻቸው ቁጥር አግኝቷል፣ ቀጣዩ እርምጃም ታውቋል፤ ከእርሳቸው ማኅበር የሚሄድ ሰውም ተመርጧል። ተስፋ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። «አብሮን ይሂድ» የምትለዋን አትርሱ። ራሱ ሄዶ የጠየቀ ገበሬ በሚቀጥለው ጊዜ ቀስቃሽ አይጠብቅም።

ለእያንዳንዱ ቤት ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ሦስት ጉብኝት አቅዱ፦ ለማድመጥ፣ መልስ ለማምጣት፣ ለምዝገባና ለድምፅ ለማዘጋጀት። ስለ ዕጩአችሁና ስለ ፕሮግራማችሁ የምትናገሩት በሁለተኛው ነው፤ ያን ጊዜ ይሰሟችኋል።

የተለመደ ስህተት፦ መልስ ስላላገኙ አፍሮ መቅረት። የቀረ ሰው እንደዋሸ ይቆጠራል።

8. ተስፋውን ወደ ካርድና ወደ ድምፅ አድርሱ

ያልተመዘገበ ሰው አይመርጥም። ምዝገባው በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ጎጡን አዳርሱ። ዕድሜው 18 የሞላ መሆኑን፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖሩን፣ መታወቂያ መያዙን ጠይቁ። በጦርነቱ ቤቱ ተዘርፎ ወይም ተፈናቅሎ መታወቂያው የጠፋበት ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ምን ማስረጃ ማቅረብ እንደሚችል ቀድማችሁ ከምርጫ ጣቢያው ኃላፊዎች አረጋግጡ እንጂ በግምት አትመልሱ። የመራጭነት ካርዱን የሚያስቀምጠው ባለቤቱ ራሱ ነው። «እኛ እንያዝልህ» የሚል ሁሉ፣ ከእናንተ ወገን ቢሆን እንኳ፣ ሊከለከል ይገባል።

ከዚያ የዕለቱን ውሎ አብራችሁ አቅዱ፦ ስንት ሰዓት ይሄዳሉ? ከብቱን ማን ያያል? ሕፃኑን ማን ይይዛል? አረጋዊቱን ማን ይደግፋቸዋል? ባልና ሚስት ተራ በተራ ይሄዳሉ ወይስ አብረው? ሰዓት ቆርጦ፣ የቤቱን ሥራ አደላድሎ ያደረ ሰው አይቀርም። ማንበብ ለማይችሉ የዕጩውን ምልክት በሥዕል አሳዩ፤ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደሚሰጣቸው፣ አንዱ ለፓርላማ ሌላው ለክልል መሆኑን አስረዱ። ድምፁ ምስጢር መሆኑን ደግማችሁ ንገሯቸው፤ «ማንን እንደመረጥክ እናውቃለን» የሚል ካለ ይዋሻል።

«የኔ አንድ ድምፅ ምን ትለውጣለች?» ለሚል እውነቱን ንገሩት። በ2002 ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወስደዋል። በ2013 በተገለጸው ውጤት ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410 ሲያገኝ፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 መቀመጫ አግኝተዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን አካባቢያቸውን ይዘው የተወዳደሩ አልፈውበታል። ድምፁ እንዲቆጠርም ሰው ያስፈልጋል፦ ለየምርጫ ጣቢያው ወኪል መድቡ፣ ስንቁንና ተተኪውን አዘጋጁ፤ ቆጠራው እስኪያልቅና ውጤቱ ጣቢያው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ እንዳይነሣ አደራ በሉት።

9. ከምርጫው ማግስት በሩን አንኳኩ

ሁሉም የሚወድቅበት ፈተና ይህ ነው። ውጤቱ በታወቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ እነዚያው ቤቶች ተመለሱ፤ አመስግኑ፣ ውጤቱን አስረዱ፣ ያልተጠናቀቀውን ማመልከቻ የት እንደደረሰ ንገሩ። ቅሬታ ካላችሁ በሕጉ በተቀመጠው ጊዜ ለቦርዱና ለፍርድ ቤት አቅርቡ፤ ደጋፊዎቻችሁን ወደ ጠብ አትምሩ። ይህ ሕዝብ ሌላ ለቅሶ የሚሸከምበት ትከሻ የለውም።

ያሸነፈ ዕጩ ምክር ቤቱ ለዕረፍት በሚዘጋበት ጊዜ ከመራጩ ጋር የሚገናኝበትን ቀን ያኔውኑ ይቁረጥ። ፓርላማው ሰኔ 30 ይዘጋል፣ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፤ ክረምቱ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬና ዞብል ለመድረስ ይበቃል። መራጩም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው የማንሣት መብት እንዳለው ንገሩት። የተሸነፈ ዕጩ ደግሞ ደብተሩን ይዞ አሸናፊው ዘንድ ይሂድና የየጎጡን ችግር ቆጥሮ ያስረክበው። ችግሩ የሕዝብ ነው፤ ማንም ይፍታው፣ መፈታቱ ይበቃል።

ዛሬውኑ መጀመር ከፈለጋችሁ ትልቅ ገንዘብ ወይም ቢሮ አትጠብቁ። አንድ ጎጥ ምረጡ፣ ሃያ ቤት ቁጠሩ፣ ሁለት የታመኑ ሰዎች ፈልጉ፣ አንድ ደብተር ግዙ። ከእያንዳንዱ ቤት ስትወጡ የምትመለሱበትን ቀን ለባለቤቱ ንገሩት፤ በዚያው ቀንም ተገኙ።